ጉድባውን አልደፈንኩትም

ከታደሰ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የጣሪያውን አሸንዳ መጥረግ ነበር። የጎረቤት ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ አሸንዳችንን ሞልቶታል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው መውረጃውን ትቶ በግድግዳው ላይ ይንቆረቆራል። ታደሰ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቅጠሉን በጓንት እየዛቀ ወደ ታች ይጥላል፤ እኔ መሰላሉን ይዤ ቆሜአለሁ። ግማሹ የሚያርፈው እኔ ራስ ላይ ነው።

«ኧረ ከታች ሰው አለ!» አልኩት።

«ሰው ከሆንሽ ፈቀቅ በያ!»

«ፈቀቅ ካልኩ መሰላሉን ማን ይይዛል?»

«እሱም እውነት ነው» አለና አንድ እፍኝ ጨመረልኝ።

ከዚያ ወረደ፣ ታጠበ፣ ምሳውን በላ፣ ወደ ዴንቨር አየር ማረፊያ ሄደ። መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልስ አውቶቡስ ነበር የሚነዳው። አውቶቡሱን ቦታው ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ደፋ ብሎ አገኙት። ልቡ ነው አሉኝ። ሞተሩን ማጥፋቱን የነገረችኝ አለቃው ናት። ለምን እንደነገረችኝ አላውቅም፤ ግን አመሰግናታለሁ።

በቀብሩ ቀን በተነበበው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስለ እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረች፦ «ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ በቢሮ ሥራ ተሰማርተው ቆይተዋል።» የጻፉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ሐዘን ላይ የነበርኩ ሰው ለዚያች ዐረፍተ ነገር መናደዴ ራሴንም አስገረመኝ። ለቅሶ ላይ እያለን ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ አበበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ግን ሥራሽ ምን ነበር? ኮምፒውተር ነው አይደል?»

«ጉድባ ነበር የምፈልገው፣ እትዬ።»

«የምን ጉድባ?»

«የእንግሊዝ ገበሬዎች የድሮ ጉድባ።»

«አይ ልጄ፣ ሐዘኑ ነው» አሉና ጀርባዬን ደባበሱኝ።

ሐዘኑ አልነበረም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ይወጣኛል፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ከአየር ላይ የተነሡ ፎቶግራፎችን እያነበብን ካርታ የምንሠራ ጥቂት ሴቶች ነበርን። ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አውሮፕላኑ ትንሽ ወደፊት ሄዶ ስለሚያነሣቸው አንደኛው ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ስቴሪዮስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት ሌንስ መሣሪያ ሲያዩአቸው ሁለቱ አንድ ይሆኑና መሬቱ ከወረቀቱ ላይ ብድግ ይላል፤ ተራራው ይቆማል፣ ገደሉ ይጠልቃል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እጄን ሰድጄ ልነካው ሞክሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አማረኝ ማለት አልችልም።

አገር ሲታመስ ሱዳን ወጣሁ፤ ታደሰን ያገኘሁት እዚያ ነው። ዴንቨር ስንገባ የሆቴል አንሶላ አጠብኩ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥም ሠራሁ። አንድ ቀን ከከተማው በስተ ደቡብ ያለ አነስተኛ የካርታ ድርጅት ሰው ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። የፈተኑኝ ዶሪስ የሚባሉ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛው አንቺና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምላቸው። ሁለት ፎቶግራፎች ከመሣሪያው ሥር አኖሩና «ያየሽውን ንገሪኝ» አሉኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር። ምንም ሳልናገር ፎቶግራፎቹን አንሥቼ አዞርኳቸው። ጥላው ወደ ተመልካቹ ካልወደቀ ዓይን ይታለላል፤ ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። ሆን ብለው ገልብጠው ነበር ያስቀመጡልኝ።

«ሰኞ ነይ» አሉ።

ዶሪስ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሌንሶቹን በንጹሕ መሐረብ ይወለውላሉ፤ እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በምላጭ ነው። በየመሐሉ ተነሥተው መስኮቱ ዘንድ ይቆሙና በስተ ምዕራብ ያሉትን ተራሮች ያያሉ። «ዓይን የሚያርፈው ሩቅ ሲያይ ነው፤ ሲጨፈንማ ያንቀላፋል» ይሉ ነበር። ለአንድ ነገር ስም ከመስጠታችን በፊት ሁለት ጥያቄ ያስመልሱናል። አንደኛው «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ነገሮች መሬት ላይ ሲገናኙ የሚመጣ ነው፤ መንገድና ቦይ፣ አጥርና ማሳ። «ማን ቀደመ?» ይሉናል። መንገዱ ቦዩን ከቆረጠው ቦዩ ቀድሞ ነበር። መንገዱ ቦዩን ዞሮ ካለፈም ቦዩ ቀድሞ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቦዩ ሰው የሚጠቀምበትና የሚያከብረው ሕያው ነገር ነበር ማለት ነው። ይህቺን ልዩነት ለማስረዳት ሙሉ ጠዋት ፈጅተውብኛል።

ከዶሪስ ጋር የጎርፍ ካርታ ሠራን፣ የመንገድ ካርታ ሠራን። የሎውሪ አየር ኃይል ሰፈር ተዘግቶ መኖሪያ ሊሆን ሲል የድሮ ፎቶግራፎች አውጥተን የጥንቱ የውሃ መውረጃ የት እንደነበረ አነበብን። እኔና ታደሰም ቤታችንን የገዛነው ከዚያው አጠገብ፣ ኦሮራ በኩል ነው። ደመወዙ አያኮራም፣ አያሳፍርም።

ዶሪስ ጡረታ ሲወጡ ክሬግ የሚባል አለቃ መጣ። ክሬግ መጥፎ ሰው አይደለም። ልጆቹን ይወዳል፣ የልደት ቀናችንን አይረሳም። ነገር ግን ካርታን የሚያየው እንደ ተጠናቀቀ ዕቃ ነው፤ ታሽጎ መላክ አለበት። በእሱ ዘመን ፎቶግራፉ ቀረና የሌዘር ቅኝት መጣ። አውሮፕላኑ ወደ መሬት ብርሃን ይረጫል፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ዛፉንና ሣሩን አልፎ የመሬቱን ቅርጽ ይነግረናል። ድንቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ችግሩ መድፈኑ ላይ ነበር። ለጎርፍ ካርታ ሲባል ኮምፒውተሩ ላይ ውሃ መፍሰስ አለበት፤ ትንሽ ጉድጓድ ካለ ውሃው እዚያ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ጥቃቅኑን ጉድጓድ ሁሉ የሚደፍን ትእዛዝ ነበረን። «ፊል አድርጊው» ይላል ክሬግ። አንድ ቁልፍ ነው፤ መሬቱ ይለሰልሳል።

በሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ከእንግሊዝ አገር አንድ ሥራ መጣ። መሬቱ ለጥ ያለ ጭቃማ ሜዳ ነው። የሚፈለገው ደግሞ በመካከለኛው ዘመን በውሃ ጉድባ ተከበው የነበሩ የገጠር ግቢዎች ናቸው። ቤቶቹ ከፈረሱ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የቀረው ጉድባው ነው፣ እሱም አብዛኛው ደርቆ በሣር ተሸፍኗል። ከላይ ሲታይ አራት ማዕዘን ቦይ፣ መሐሉ ላይ ከፍ ያለ መደብ፣ በአንድ በኩል መሻገሪያ። ሥራውን ከዚያ ወገን የሚከታተለው ኮሊን የሚባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ነበር፤ በየሳምንቱ በስክሪን እንነጋገራለን። ምልክት ያደረግንበትን ቦታ ማንም ቤት ከመሥራቱ በፊት ይመረምሩታል። ምልክት ያላደረግንበትን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ዶዘር ይገባበታል። ፊርማችን የሚያወጣውና የሚያወርደው ይህንን ነበር።

ኮሊን በትዕግሥት አስረዳን። ጉድባዎቹ ለጦርነት አልነበሩም። ጥልቀታቸው ትንሽ ነው፤ የቆረጠ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገራቸዋል። ዓሣ ይረባባቸዋል፣ ከብት ይጠጣባቸዋል፣ ጭቃማውን መሬት ያጠነፍፋሉ። ዋናው ምክንያት ግን ክብር ነው አለን። ትልቁ ጌታ ግንቡን በውሃ አስከበበ፤ እሱን ያየ ባለርስት የራሱን አስከበበ፤ ባለርስቱን ያየ ሀብታም ገበሬ ተከተለ። ከዚያ በታች ያለ ሰው ግን አልቆፈረም፤ ለቁፋሮ የሚከፍለው ከየት ያመጣል?

ይህን ማታ እራት ላይ ለታደሰ ነገርኩት።

«ጦር ለማስቆም አይደለማ» አለ እንጀራውን እየቆረሰ።

«ታዲያ ለምንድነው?»

«ሰው ለማስቆም ነው።»

ታደሰ የተወለደው ከሶዶ ራቅ ያለ ገጠር ነው። የአያቱ ግቢ ዙሪያውን ጉድባ ነበረው። እንሰቱን ከርከሮና ጃርት እንዳይበላው ተብሎ ነው የተቆፈረው። ከርከሮው ከአካባቢው ጠፍቶ እንኳ ጉድባው በየዓመቱ ይጠረግ ነበር አለኝ፤ ሰፈሩ በደቦ ይወጣል፣ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን። ጉድባው በአፈር የተሞላበት ቤት ይታማል፤ ወይ ሰው የለውም፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል። እንግዳ ሲመጣም ዘው አይልም። መሻገሪያው ላይ ይቆምና በቋንቋቸው፣ እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው፣ ይጣራል። እስኪመለስለት ይጠብቃል።

«ድሃም ቢሆን?» አልኩት።

«ድሃማ የበለጠ! የሀብታሙን ዘበኛው ይጠብቅለታል። የድሃውን ቤት ማንም ይረግጠዋል፣ ጉድባ ከሌለው።»

ይህ ንግግር ለእንጀራዬ ጠቀመኝ፣ ጎዳኝም። መጀመሪያ ጎዳኝ።

ከሥራው ውስጥ አንድ ያማረ አራት ማዕዘን አገኘሁ። ቦዩ ጥርት ያለ፣ መሐሉ ደሴት፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዳርቻው ዝቅ ብሎ ሰው የሚሻገርበት የሚመስል ቦታ። ያንን ቦታ እንዳየሁ እንግዳው ቆሞ ሲጣራ ታየኝ። እዚህ ይቆማል፣ እዚህ ይጣራል፣ በዚህ ይገባል። ኮሊን ተጠራጥሮ ነበር፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ተሟገትኩ። በመጨረሻ አካፋና የመንደሩን በጎ ፈቃደኞች ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ካፖርቱ ጭቃ በጭቃ ነው።

«ሲጊ» አለ፤ ስሜን እንዲህ ነበር የሚጠራው፤ «ስንቆፍር የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌ መጡ። አባታቸው ናቸው ያስቆፈሩት። ለዳክዬ። ደሴቷ ቀበሮ እንዳይበላቸው የሚያድሩባት ናት።»

«መሻገሪያውስ?»

«ላሞች ውሃ ለመጠጣት ሲወርዱ ዳርቻውን ንደውት ነው።»

ክሬግ ማስታወሻ የሚይዝበትን ብዕር ቀስ ብሎ ከደነ። ዶሪስ እዚያ ቢኖሩ የሚጠይቁትን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፦ በአሮጌው ዘመን በሬ ያረሰው የእርሻ ትልም በሜዳው ላይ ወጥ ሆኖ ይሄዳል፤ የዳክዬው ኩሬ መሐል ለመሐል ቆርጦታል። ትልሙ ቀድሟል፣ ኩሬው ኋላ መጥቷል። ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ ነበር። እኔ የሚጣራውን እንግዳ ሳይ ትልሙን አላየሁም።

ማታ ለታደሰ ስነግረው በሳቅ ወደቀ።

«ላም እኮ ‹ቤቶች› አትልም፣ ጽግዬ!»

«አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?»

«ስለ ሰው ነዋ የነገርኩሽ!»

በሳቁ ተናድጄ ሳህኑን አነሣሁበት። ቢሮ ውስጥ ግን የሚስቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እኔ የፈረምኩት ሁሉ ሁለተኛ ሰው ይፈርምበታል ተባለ። ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሌላ ቦታ መጣ። ከመንደሩ ጫፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ትልቁ ግቢም ከሌለበት በኩል ነው። ትንሽ ነው፤ ከዳክዬው ኩሬ እንኳ ያንሳል። ቦዩ በሦስት ጎን ብቻ ነው ያለው፤ አራተኛው የለም። ኮምፒውተሩ ከሚደፈኑት ጉድጓዶች መሐል መድቦታል። ቦታው ላይ ደግሞ የዕቃ መጋዘን ሊሠራ ታቅዷል፤ ካርታው ለስላሳ ሆኖ ከሄደ የሚጠይቅ የለም።

«ፊል አድርጊውና ፈርሚ» አለ ክሬግ። «ዓርብ እንልካለን።»

«አልደፍነውም።»

«ሲጊ፣ የዳክዬውን ነገር ኮሊን አልረሳውም። እኔም አልረሳሁትም።»

«እኔም አልረሳሁትም። ለዚህ ነው የማልደፍነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሥዕሉን አትሜ ዶሪስ ዘንድ ሄድኩ። ሎውሪ ውስጥ የአረጋውያን አፓርታማ ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወረቀቱን አላዩትም፣ እኔን ግን አስቀመጡኝ።

«ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?»

«ሸክላ ጭቃ የተዛቀበት ጉድጓድ። የከብት ኩሬ። ወይ ዳክዬ» አልኩ።

ሳቁ። ከዚያ «ማን ቀደመ?» አሉኝ።

ጠዋቱን ሙሉ ያየሁትን ነገርኳቸው። የእርሻው ትልም እየመጣ እየመጣ ቦዩ ጋ ሲደርስ አልቆረጠውም፣ አልተቆረጠምም። ዞረ። በሬ የሚነዳ ሰው፣ ትልሙን ማጣመም የማይወድ ሰው፣ እዚያች ትንሽ ቦታ ሲደርስ በሬውን መልሶ ዙሪያዋን ሄደ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ ልጁም እንዲሁ። አራተኛው ጎን የጠፋው ደግሞ የዛሬው አስፋልት በላዩ ስላለፈ ነው፤ ትልሙ ከአስፋልቱ ወዲያም ጎብጦ ይታያል።

ዶሪስ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቢሮሽ ሂጂ» አሉኝ።

በስብሰባው ላይ ኮሊን ጥሩ አድርጎ ተከራከረ። ክብር ይገባዋልና እጽፈዋለሁ። «እንዲህ ያለ ትንሽ ገበሬ ጉድባ አይቆፍርም። ገንዘብ የለውም፣ ማዕረግ የለውም። ለማን ሊታይ?» አለ።

«ገንዘብ ባይኖረው ጎረቤት አለው» አልኩት፤ ስለ ታደሰ አያት ግቢና ስለ ደቦ ነገርኩት። «ማዕረግ ስለሌለው ነው የቆፈረው። ማዕረግ ያለውንማ ሳይቆፍርም ሰው ያውቀዋል።»

«ሲጊ፣ ይህ ኢትዮጵያ አይደለም።»

«ኢትዮጵያ ነው አላልኩም። ኢትዮጵያን እርሳትና አንድ ነገር መልስልኝ። እርሻው ለምን ዞረ?»

ኮሊን ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ግንባሩ ብቻ እስኪታየን ተጠጋ። ክሬግ ሰዓቱን አየ። እኔ መልስ እየጠበቅሁ ተራሮቹን አየሁ።

«ሄጄ ላየው እችላለሁ» አለ ኮሊን በመጨረሻ። «ግን ዓርብ አይደርስም።»

«ዓርብ እንልካለን» አለ ክሬግ።

«ያለ እኔ ፊርማ ላኩት» አልኩ። «አልደፍንም፣ በተደፈነውም ላይ አልፈርምም። ሌላ ሰው ከፈለጋችሁ ይኸው ወንበሩ።» ብድግ ብዬ ወንበሩን ወደ ክሬግ ገፋሁለት። 

ማንም አልተቀመጠበትም። ካርታው ጉድባውን እንደያዘ ዘግይቶ ሄደ።

ኮሊን ዝናብ ከጣለ ከቀናት በኋላ ቦታውን በእግሩ ዞረው። ሌላው ሜዳ ደርቆ ቦዩ የነበረበት ረግረግ ሆኖ ጫማውን ዋጠው። መሐሉ ላይ ደግሞ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፍልፈል የሚመስሉ እንስሳት አፈር አውጥተዋል፤ ባወጡት አፈር ውስጥ የማሰሮ ስብርባሪ ነበር። ተራ ማሰሮ፣ ጥላሸት የለበሰ፣ የዚያ ዘመን። ስክሪኑ ላይ ወጥቶ አንዷን ገል በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ።

«ድሆች ነበሩ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «በራቸው ግን በራቸው ነበር።»

መጋዘኑ አልቀረም። ጥቂት ገፋ ብሎ ተሠራ፤ መደቡና ሁለት ጎን ጉድባ ተከለሉ፣ ሦስተኛውን ጎን የከባድ መኪና መግቢያው በላው። ክሬግ «ይህ ማሸነፍ ነው» አለኝ። እኔ አሸነፍኩ አልልም። ሦስት ጎን ነበር፣ ሁለት ቀረ። ያቺ የተበላችው ጎን ዛሬም ታናድደኛለች፤ ንዴቴንም ለማንም አላሳንስለትም።

ሥራው እንዳለቀ፣ ካርታ ማረጋገጡን ከእንግዲህ ሶፍትዌር ይሠራዋል ተብሎ ቦታዬ ተዘጋ። ጡረታ ወጣች ብለው ኬክ ገዙ። ስሜን በክሬም ጽፈው «ሲጊ» ብለውኛል። አልበላሁትም። ታደሰ ሊወስደኝ መጥቶ ውጭ ፓርክ አድርጎ ሲጠብቅ ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ወጣሁ።

«ኬኩስ?» አለኝ።

«ተውኩላቸው።»

«እኔ እኮ ምሳ ሳልበላ ነው የመጣሁት! ለራስሽ ባትበዪ ለባልሽ አታስቢም?»

እስከ ቤት ድረስ ስለ ኬኩ ሲነጫነጭ ሄደ። ቤት ስንደርስ ካርቶኑን ተሸክሞልኝ ገባ። ከዚያ በኋላ ለሁለታችንም የቀረው ጊዜ አጭር ነበር፤ አላወቅንም።

አሁን ልጄ ሜሮን ቤቱን ሽጪ ትለኛለች። ቶርንተን ነው የምትኖረው፤ ባሏም ልጆቿም ደግ ናቸው። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንሥታው ነበር።

«ማሚ፣ ይህ ቤት ላንቺ ቱ ማች ነው።»

«ማን ለካው?»

«ኖ፣ ማለቴ አንድ ሰው ነሽ።»

«አንድ ሰው ቤት አያስፈልገውም?»

«እኛ ጋ ክፍል አለሽ እኮ። ቀለም ሁሉ ቀብተነዋል። አይ ወሪ፣ ማሚ።»

ስትጨነቅ የአባቷን ግንባር ታወጣለች። እጇን ያዝኩ። «መጥቼ አድርበታለሁ» አልኳት። «ቀለሙንም አያለሁ። ግን አልገባበትም፣ ይህንንም አልሸጥም። አንድ ሰው ሲቀር ቤቱን ደፍኖ መሬቱን ማለስለስ ለሌላው ይቀላል። አውቀዋለሁ፤ አንድ ቁልፍ ነው። እኔ ያንን ቁልፍ ለእንግሊዝ ገበሬ እንኳ አልተጫንኩትም።»

ምን እንዳልኩ ሙሉ በሙሉ የገባት አይመስለኝም። «ኦኬ» አለች ግን፤ አለቀሰች፣ ቀጥላም የማቀዝቀዣዬን በር ከፍታ የምበላው ነገር መኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

የታደሰ አያት ግቢ ካርታ ላይ የለም። ፈልጌ ነበር፤ በቆዩት ካርታዎች ላይ አካባቢው አንድ የመንደር ስምና ባዶ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ባዶ የሆነው ሰው ስላልኖረበት አይደለም። የዛሬዎቹ የሳተላይት ምስሎች ግን ለማንም ክፍት ናቸው፤ በጠዋት ብርሃን የተነሡት ጥላ አላቸው፣ ጥላ ካለ ደግሞ ሥራ አለ። የት ጋ እንደሆነ ያሳየኝ ገጠር የቀረው የአጎቱ ልጅ ነው፤ በስልክ «ወንዙን ተሻገሪ፣ ዋርካውን እለፊ፣ አሁን ቁሚ» እያለ መራኝ። ጉድባው በሁለት በኩል ተሞልቷል፤ በሁለት በኩል ይታያል። ያልታየኝን አልሳልኩም።

አሁን በየጠዋቱ ምስሎቹን ዘርግቼ የዚያን ገጠር ጉድባዎች በካርታ ላይ አሰፍራለሁ። የአያቱን ግቢ ጨርሻለሁ፤ የጎረቤታቸውን ጀምሬአለሁ።